«ጋዝ አለቀ»፦ ስለ አየር ማቀዝቀዣ ቱቦዎች ስያሜና ልክ የቀረበ ሒሳዊ አስተያየት

1. የጽሑፉ ዓላማ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የአየር ማቀዝቀዣን የውስጥና የውጭ ክፍል የሚያገናኙት የመዳብ ቱቦዎች በአማርኛ የሚጠሩባቸውን ቃላት መመርመርና፣ በዚሁ አጋጣሚ በሙያ ቃላት አሰያየማችን ውስጥ ሥር የሰደደውን አንድ ልማድ መተቸት ነው። ልማዱ የሚከተለው ነው፤ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ይወሰዳል፤ ሥሩ ይፈለጋል፤ ለሥሩ አቻ የሚሆን የአማርኛ ወይም የግዕዝ ግሥ ይገኝለታል፤ ከዚያም በመሣሪያ ስም ቅርጽ ተበጅቶ በመዝገብ ይሰፍራል። ሥራውም ተፈጸመ ይባላል። ቃሉ ወደፊት የሚገባበት ዓረፍተ ነገር፣ ዓረፍተ ነገሩም የሚያሠራው እጅ ግን ሳይጠየቅ ይቀራል።

ምሳሌዎቹ የተወሰዱት የሐረርን ሁኔታ መሠረት በማድረግ ነው። ሐረር ከባሕር ወለል ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ እንደ ጎረቤቷ እንደ ድሬዳዋ ሙቀት የሚያስጨንቃት ከተማ አይደለችም። ሆኖም ለዚህ ምርመራ በሦስት ምክንያቶች ትመቻለች። አንደኛ፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የታጠረው ጀጎል በ1998 ዓ.ም. (2006 እ.ኤ.አ.) በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ በመሆኑ፣ በድንጋይና በጭቃ የታነጸውን ግንብ እንደልብ እየበሱ ቱቦ ማሳለፍ አይገባም፤ ግንቡን ላለመብሳት ቱቦው ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ካለበት ደግሞ ይረዝማል፤ ሲረዝም የልኩ ጉዳይ ይጠነክራል። ሁለተኛ፣ ከፍታው የአየሩን ግፊት ስለሚቀንሰው በባሕር ዳርቻ አገር የተጻፈ መመሪያ እንዳለ ተተርጉሞ አያገለግልም። ሦስተኛ፣ በዚህች ከተማ አማርኛ ከሐረሪ፣ ከኦሮምኛና ከሶማልኛ ጋር በአንድ ገበያ ይውላል፤ አሻሚ የሆነ ቃል አንዱን ቋንቋ ተሻግሮ ወደ ሌላው ሲገባ አሻሚነቱን ይዞ ይገባል።

2. «ማቀዝቀዣ» የተሸከመው

«ማቀዝቀዣ» የሚለው ቃል ዛሬ ቢያንስ ሦስት ነገሮችን ይሰይማል። ምግብና መድኃኒት የሚቀመጥበት ሣጥን ማቀዝቀዣ ነው፤ የክፍሉን አየር የሚያበርደው መሣሪያ የአየር ማቀዝቀዣ ነው፤ በመሣሪያው ውስጥ እየዞረ ሙቀትን ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው የሚያጓጉዘው ንጥረ ነገርም «ማቀዝቀዣ ጋዝ» ወይም «ማቀዝቀዣ ፈሳሽ» ይባላል። ከዚህ የተነሣ «የማቀዝቀዣው መጠን ይፈተሽ» የሚል ትእዛዝ የመሣሪያውን አቅም፣ በውስጡ የተሞላውን ንጥረ ነገር ክብደት፣ ወይም የሣጥኑን ስፋት ሊያመለክት ይችላል።

እዚህ ላይ ጥፋቱ የአማርኛ አለመሆኑን ማስገንዘብ ያሻል። የአማርኛ ሥነ ምዕላድ ድርጊቱን የሚፈጽመውንና ድርጊቱ የሚፈጸምበትን አጥርቶ ይለያል፤ «አስተማሪ» እና «ማስተማሪያ»፣ «አጓጓዥ» እና «ማጓጓዣ» ለዚህ በቂ ማስረጃ ናቸው። ስለዚህ መሣሪያውን «ማቀዝቀዣ»፣ ንጥረ ነገሩን «አቀዝቃዥ» ብሎ መለየት ቋንቋው ራሱ ያዘጋጀው መንገድ ነው። «ማቀዝቀዣ ፈሳሽ» የሚለው ስያሜ ደግሞ በራሱ የተሳሳተ ነው። ንጥረ ነገሩ የዑደቱን ከፊል በፈሳሽነት፣ ከፊሉን በተንነት ይጓዛል፤ ሥራውን የሚሠራውም ከአንዱ ወደ ሌላው በመለወጡ ነው። በአንዱ ሁኔታው ብቻ የተሰየመ ነገር ግማሽ ስም ነው የተሰጠው።

3. ስሙ ሳይሆን ግሡ

ከሁሉም የከፋው ግን በስም ላይ ያለው ችግር አይደለም። በየጥገና ቤቱ የሚነገረው «ጋዝ አለቀ፤ ጋዝ ይሞላ» የሚለው አነጋገር ነው። የቃላት ኮሚቴዎች እንዲህ ያለውን ዓረፍተ ነገር ሲያዩ ዓይናቸው በ«ጋዝ» ላይ ያርፋል፤ አቻ ስም ይፈልጉለታል። አደጋው ግን በ«አለቀ» ውስጥ ነው።

አንድ ነገር አለቀ የሚባለው ሲበላ፣ ሲጠጣ፣ ሲነድ ነው። ስኳር ያልቃል፤ ላምባ ያልቃል፤ ሻማ ያልቃል። «ጋዝ» የሚለው ቃል ደግሞ በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድ አስቀድሞ ለነጭ ጋዝ፣ በኋላም ለምግብ ማብሰያው ጋዝ የዋለ በመሆኑ፣ ሁለቱም ነድደው የሚያልቁ ናቸውና፣ ስሙ ግሡን እየጎተተ ያመጣዋል። የአየር ማቀዝቀዣው ዑደት ግን ዝግ ነው። መጭመቂያው ተኑን ይጨምቃል፤ በውጭው ክፍል ሙቀቱን ጥሎ ፈሳሽ ይሆናል፤ በጠባብ ማነቂያ አልፎ ግፊቱ ይወድቃል፤ በውስጠኛው ክፍል የክፍሉን ሙቀት ወስዶ ይተንናል፤ ተመልሶም ወደ መጭመቂያው ይገባል። በዚህ ዑደት ውስጥ የሚበላም የሚነድም የለም። አቀዝቃዡ ከጎደለ የጎደለው ሾልኮ ነው፤ ወይም ሲጀመር በልኩ ስላልተሞላ ነው።

ታዲያ «አለቀ» የሚለው ግሥ ምን ያሠራል? ባለቤቱ በየዓመቱ ማስሞላትን እንደ ተገቢ ወጪ እንዲቆጥር፣ ጠጋኙም ቀዳዳውን ሳይፈልግ ሞልቶ እንዲሄድ ያሠራል። «ሾለከ» ቢባል ግን የሚቀጥለው ጥያቄ «ከየት?» ይሆናል። አንዱ ግሥ ወደ ሲሊንደሩ፣ ሌላው ወደ ቱቦው መጋጠሚያ ይመራል። ይህ የቃላት ማሳመር ጉዳይ አይደለም። አር-410ኤ የተባለው አቀዝቃዥ አንድ ኪሎግራሙ ወደ አየር ቢለቀቅ በ100 ዓመት ስሌት 2,088 ኪሎግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያደርሰውን ያህል ምድርን ያሞቃል፤ የአር-22 ቁጥር 1,810፣ የአር-32 ደግሞ 675 ነው። አር-22 ከዚህም በላይ የኦዞንን ንጣፍ ይጎዳል። በ1987 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነትና በ2016 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የኪጋሊ ማሻሻያ የተደረጉት እነዚህንና መሰሎቻቸውን ለመገደብ ነው። በአንድ ግሥ ምክንያት በየዓመቱ የሚሞላና የሚሾልክ ቱቦ በዚህ ሒሳብ ውስጥ ይገባል።

«ጋዝ» የሚለው የጅምላ ስም ሌላም አደጋ አለው። አር-22 እና አር-410ኤ እሳት አይዛቸውም። አር-32 ግን በመጠኑም ቢሆን ተቀጣጣይ ነው፤ አር-290 ከፕሮፔን ሌላ ምንም አይደለም፤ በእጅጉ ይቀጣጠላል። ሁሉንም «ጋዝ» እያለ የሠለጠነ ሠራተኛ በአንዱ የለመደውን በሌላው ቢደግም የሚወቀሰው እሱ ብቻ አይደለም። የሚበየደው ቱቦ ውስጥ ምን እንዳለ የሚጠይቅ ቃል ያልሰጠነው እኛም ነን።

4. ገቢና ወጪ፣ ወፍራምና ቀጭን

ሁለቱን ክፍሎች የሚያገናኙት ሁለት ቱቦዎች ናቸው። በትርጉም ሥራዎች ሦስት ዓይነት አሰያየም ሊታሰብ ይችላል፤ ሦስቱም ሊመረመሩ ይገባል።

ሀ) በአቅጣጫ መሰየም፦ «ገቢ ቱቦ» እና «ወጪ ቱቦ»። ይህ አሰያየም «ወዴት የሚገባ?» የሚለውን ጥያቄ አይመልስም። ለመጭመቂያው ገቢ የሆነው ለክፍሉ ውስጥ መሣሪያ ወጪ ነው። አንዱ ሠራተኛ በክፍል ውስጥ፣ ሌላው በሰገነት ላይ ሆነው «ገቢውን ክፈት» ቢባባሉ ሁለቱም ትክክል ሆነው የተለያየ ቱቦ ይከፍታሉ። መነሻው ያልተነገረ አቅጣጫ ስያሜ ሊሆን አይችልም።

ለ) በተግባር ወይም በይዘት መሰየም፦ «የመምጠጫ መስመር» እና «የፈሳሽ መስመር»። ይህ የእንግሊዝኛው መንገድ ነው፤ ዑደቱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚዞርበትና ማነቂያው ከክፍሉ ውስጥ መሣሪያ አጠገብ በሚገኝበት ጊዜ እንከን የለውም። ነገር ግን በበጋ አብርዶ በክረምት የሚያሞቅ መሣሪያ ዑደቱን ሲገለብጥ «መምጠጫ» የተባለው ቱቦ ከመጭመቂያው የሚወጣውን ትኩስ ተን የሚያስተላልፍ ይሆናል። በትንንሾቹ ባለሁለት ክፍል መሣሪያዎች ደግሞ ማነቂያው በውጭው ክፍል ውስጥ ስለሚቀመጥ፣ «የፈሳሽ» የተባለው ቀጭን ቱቦ በማብረድ ጊዜ የሚያስተላልፈው ፈሳሽና ተን የተቀላቀለበት ቀዝቃዛ ነገር ነው። በዚህም ምክንያት ሁለቱም ቱቦዎች፣ እያንዳንዳቸው ለየብቻ፣ በሙቀት መከላከያ ሽፋን መጠቅለል አለባቸው። «የፈሳሽ መስመር ሙቅ ስለሆነ ሽፋን አያስፈልገውም» የሚለው፣ ለትልልቆቹ መሣሪያዎች የተጻፈ ዓረፍተ ነገር ስሙን ብቻ በማመን ወደ ትንንሾቹ ቢተላለፍ፣ ቱቦው ጤዛ እያዘለ ግድግዳ ላይ ያንጠባጥባል። ግድግዳው በጭቃ የታነጸ የጀጎል ግንብ በሆነ ጊዜ የአንድ ቃል ዋጋ ምን ያህል እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

ሐ) በመልክ መሰየም፦ «ወፍራሙ» እና «ቀጭኑ»። ይህ የሠራተኛው አነጋገር ነው፤ ምሁሩም ብዙውን ጊዜ ያልተማረ አነጋገር ነው ብሎ ያልፈዋል። ሆኖም ዑደቱ ቢገለበጥ፣ ማነቂያው ቢዛወር፣ ይህ ስያሜ አይዋሽም። ወፍራሙ ሁልጊዜ ወፍራም ነው። ስለሆነም ለትንንሾቹ መሣሪያዎች የጥገና ቤቱ ቃል ከመዝገቡ ቃል ይበልጣል ማለት ይቻላል።

ኦስትሪያዊው ኦይገን ቩስተር ከ1931 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያስተማረው ዋና ነገር ስያሜ ከቃል ሳይሆን ከጽንሰ ሐሳብ መነሣት አለበት የሚል ነው። ከላይ ያየነው የሚያሳየው ይህንኑ ነው። እንግሊዝኛውን ተከትለን «ማስፋፊያ ቫልቭ» ብንል የሚሰማን አማርኛ ተናጋሪ የሚያስበው ስለ ፋብሪካ ወይም ስለ ከተማ መስፋፋት ነው፤ ጽንሰ ሐሳቡን ብንከተል ግን መሣሪያው የሚያደርገው ማነቅ ስለሆነ «ማነቂያ» የሚለውን እናገኛለን።

5. «ግማሽ ኢንች» እና «ልክ»

«ወፍራም» የሚለው ቃል ግን የሚያገለግለው ሁለቱን ቱቦዎች ለመለየት ብቻ ነው። ጥያቄው «ወፍራሙ ምን ያህል ይወፍር?» በሚሆንበት ጊዜ ቃሉ ይከዳናል። «የቱቦው ውፍረት» ሲባል ከዳር እስከ ዳር ያለው ዲያሜትር ነው ወይስ የመዳቡ ገላ ውፍረት? የአር-410ኤ ግፊት ከአር-22 በ1.6 እጥፍ ገደማ ስለሚበልጥ የመዳቡ ገላ ውፍረት ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። «ወፍራም ቱቦ ግዛ» የተባለ ተላላኪ ሰፊውን ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ የተፈለገው ግን ገላው የወፈረው ሊሆን ይችላል።

የኢንች አጠራርም ከዚህ ያነሰ አያሳስትም። በአንድ ገበያ «ግማሽ ኢንች» ተብለው የሚጠሩ ሦስት ቱቦዎች ሊገኙ ይችላሉ። የአየር ማቀዝቀዣው የመዳብ ቱቦ በውጭ ዲያሜትሩ ስለሚጠራ በእርግጥም 12.7 ሚሊሜትር ነው። የውሃ መስመር የመዳብ ቱቦ በስም መጠኑ ስለሚጠራ ውጩ 15.88 ሚሊሜትር ነው። የብረቱ የውሃ ቧንቧ ደግሞ 21.3 ሚሊሜትር ነው። ሦስቱም «ግማሽ ኢንች» ናቸው። ስለዚህ ተርጓሚው ኢንቹን እንዳለ ከማስቀመጥ ይልቅ «ውጫዊ ዲያሜትሩ 12.7 ሚሊሜትር የሆነ» ብሎ ቢጽፍ አንባቢውን ከብዙ ኪሳራ ያድነዋል።

ስሕተቱ ለምን ኪሳራ ያመጣል? ምክንያቱ የተን ቱቦ እንደ ውሃ ቧንቧ አለመሆኑ ነው። በውሃ ቧንቧ ሥራ «ሰፋ ቢል ምን ይጎዳል?» የሚባለው አነጋገር አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው። በአቀዝቃዥ ቱቦ ግን ሐሰት ነው። የመጭመቂያው ዘይት ከአቀዝቃዡ ጋር አብሮ ይወጣል፤ ተኑ በበቂ ፍጥነት ካልሄደ ዘይቱን መልሶ ሊያመጣው አይችልም። በተለመደው የአሠራር መመሪያ ተኑ ሽቅብ በሚወጣበት ቱቦ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ5 ሜትር ገደማ፣ በአግድሙ ደግሞ ከ2.5 እስከ 3.5 ሜትር ባለው ክልል ውስጥ ከሚገኝ ወለል ማነስ የለበትም። የ12.7 ሚሊሜትሩ ቱቦ ውስጣዊ ዲያሜትር 11.1፣ የ15.88ቱ 14.3 ሚሊሜትር ገደማ ነው እንበል። በመጀመሪያው በሰከንድ 7 ሜትር የሚሄደው ተን በሁለተኛው ወደ 4.2 ሜትር ይወርዳል፤ ከወለሉ በታች ሆነ ማለት ነው። ዘይቱ በቱቦው ውስጥ ይቀራል፤ መጭመቂያውም ውሎ አድሮ ያለ ዘይት ሠርቶ ይቃጠላል። ቱቦው ቢጠብ ደግሞ ግፊቱ በመንገድ ላይ ይባክናል፤ መሣሪያው እየሠራ አያቀዘቅዝም። ግንብ ላለመብሳት ሲባል በየማዕዘኑ የሚታጠፍ ቱቦ እያንዳንዱ ክርኑ እንደ ተጨማሪ ርዝመት ስለሚቆጠር ይህን ያባብሰዋል።

ይህ ጽንሰ ሐሳብ፣ ማለትም ከሁለት ጥፋቶች መካከል ያለውን ቦታ መፈለግ፣ በትርጉም ሥራዎች «መጠን መወሰን» ተብሎ ሊሰየም ይችላል። «መጠን» ግን ብዛትንም፣ ክብደትንም፣ ደረጃንም ይሸከማል። ከዚህ ይልቅ ልብስ ሰፊውም አናጢውም የሚያውቁት «ልክ» የሚለው ቃል አለ። «ልክ» መለኪያም ነው፣ ትክክልም ነው፤ የጠበበም የሰፋም ልብስ ልክ አይደለም። የአቀዝቃዥ ቱቦ ሒሳብም ከዚህ የተለየ ነገር አይልም። «የቱቦ ልክ ማውጣት» የሚለውን ሐረግ ማንም ሠራተኛ ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። በዚህም መሠረት «አቅም» ለመሣሪያው፣ «ሙሌት» ለተሞላው አቀዝቃዥ፣ «ልክ» ለቱቦው ቢመደቡ «መጠን» ከሸክሙ ያርፋል።

6. ባዶነትና ከፍታ

አቀዝቃዡ ከመሞላቱ በፊት በቱቦው ውስጥ ያለው አየርና እርጥበት በፓምፕ መውጣት አለበት። ይህን «ባዶ ማድረግ» ብሎ መተርጎም አቀዝቃዡ ከሾለከበት፣ ነገር ግን አየር ከሞላበት ቱቦ ጋር ያቀላቅለዋል፤ ሁለቱም «ባዶ» ናቸውና። «አየር መምጠጥ» የሚለው ድርጊቱን በቀጥታ ይናገራል።

ከፍ ያለው ችግር ግን በ«ግፊት» ላይ ነው። ሠራተኛው የሚይዘው መለኪያ የሚያሳየው በአካባቢው ካለው የአየር ግፊት ጋር የተነጻጸረውን ነው። በባሕር ወለል የአየሩ ግፊት 101 ኪሎፓስካል ገደማ ስለሆነ አየሩ ሙሉ በሙሉ ሲመጠጥ መርፌው ከዜሮ በታች ወደ 101 ይደርሳል። በሐረር ከፍታ ግን የአየሩ ግፊት ራሱ ወደ 81 ኪሎፓስካል ዝቅ ስለሚል፣ በዚያው ቦታ በዜሮ የተስተካከለ መርፌ ከ81 በላይ ሊወርድ አይችልም። ተርጓሚው «ግፊቱ ከዜሮ በታች 101 እስኪደርስ ፓምፑን አታቁም» ብሎ እንዳለ ቢገለብጥ፣ የሐረር ሠራተኛ በከተማው አየር ውስጥ የሌለውን 20 ኪሎፓስካል ሲፈልግ ይውላል፤ ሲያጣውም የሌለ ቀዳዳ ያሳድዳል። ስለዚህ «አንጻራዊ ግፊት» እና «ፍጹም ግፊት» የሚሉት ሁለት ቃላት ለፊዚክስ መማሪያ ብቻ የሚያገለግሉ ጌጦች ተደርገው መታየት የለባቸውም፤ ለጥገና መመሪያ የግድ አስፈላጊ ናቸው።

7. የነደባው ምሳሌ

ሐረር ለዚህ ችግር መፍትሔ የሚጠቁም ሥርዓት በቤቷ ውስጥ አላት። በሐረሪዎች ባህላዊ ቤት ከወለሉ ከፍ ከፍ ብለው የተሠሩት መቀመጫዎች «ነደባ» የሚል አንድ የጋራ ስም አላቸው፤ ከዚያም እያንዳንዱ በተለየ ቅጽል ይለያል። ጊዲር ነደባ ትልቁ፣ ጢት ነደባ ትንሹ ነው፤ አሚር ነደባ፣ ሱትሪ ነደባ፣ ገበቲ አኸር ነደባ የሚባሉም አሉ፤ የመጨረሻው ስሙ ራሱ ከበሩ ኋላ መሆኑን ይናገራል። የወገን ስም አንድ ነው፤ መለያው ግን እንደ አስፈላጊነቱ ከመጠን፣ ከማዕረግ ወይም ከቦታ ይወሰዳል። በዚያ ቤት ያደገ ሰው አንዱን ከሌላው አያሳስትም። የስያሜ ሥርዓት መስፈርቱ አንድ ዓይነት መለያ መያዙ ሳይሆን አለማሳሳቱ ነው።

በዚህ ምሳሌ መሠረት የሚከተለው ለውይይት ቀርቧል።

ሀ) ንጥረ ነገሩ «አቀዝቃዥ» ይባል፤ ዓይነቱ በቁጥሩ ይከተል፤ «አር-32 አቀዝቃዥ» እንደማለት። «ጋዝ» ለብቻው በመመሪያ ውስጥ አይግባ።

ለ) የወገን ስሙ «የአቀዝቃዥ ቱቦ» ይሁን። በትንንሾቹ መሣሪያዎች «ወፍራሙ» እና «ቀጭኑ»፤ ዑደቱ በማይገለበጥባቸው ትልልቅ መሣሪያዎች «የተን» እና «የፈሳሽ» የሚሉት መለያዎች ይጨመሩ። «መስመር» ለኤሌክትሪክና ለስልክ ይተው።

ሐ) የቱቦ ልክ ሲጻፍ ውጫዊ ዲያሜትርና የገላ ውፍረት ለየብቻቸው በሚሊሜትር ይጻፉ።

መ) «ኮምፕሬሰር» የሚለውን ቃል ማሳደድ አያስፈልግም። «መጭመቂያ» ከጎኑ ሊኖር ይችላል። ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ብሎን፣ ዳዶና ራሱ ቱቦ ከጣሊያንኛ መጥተው የማንንም ሥራ አላሰናከሉም። ሥራ የሚያሰናክለው የቃሉ ባዕድነት ሳይሆን ሁለት ጽንሰ ሐሳቦች በአንድ ቃል መጠራታቸው ነው።

ሠ) ማንኛውም የሙያ መዝገበ ቃላት ለእያንዳንዱ ስም አብረውት የሚሄዱትን ግሦች ይስጥ። «አቀዝቃዥ» በሚለው ሥር «ይሞላል፣ ይሰበሰባል፣ ይሾልካል» ይጻፍ፤ «ያልቃል» ስሕተት መሆኑም ይመልከት።

የመጨረሻው ሐሳብ ከሁሉም ይልቅ ትኩረት እንዲሰጠው ያስፈልጋል። እስከ ዛሬ የታተሙት የሙያ ቃላት ዝርዝሮቻችን በአብዛኛው ስሞችን በስሞች ፊት የሚያቆሙ ናቸው። በ1989 ዓ.ም. የታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ለቋንቋችን ያበረከተው ድርሻ ትልቅ ነው፤ የሚቀጥለው ሥራ ግን ከዝርዝር ወደ ዓረፍተ ነገር መሻገር ይኖርበታል። ሠራተኛው ቃሉን የሚያገኘው በመዝገብ ገጽ ላይ አይደለም። ባለቤቱ «ምን ሆነብኝ?» ብሎ ሲጠይቀውና እሱም መልስ መስጠት ሲኖርበት ነው። በዚያች ሰዓት «ሾልኳል፤ ቀዳዳውን ልፈልግ» የሚለው መልስ በአፉ ላይ እንዲገኝ ማድረግ የእኛ ሙያ ድርሻ ነው።